በጤፍ ኩንታል የተመዘኑት ሦስት ሞላዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው፤ አስመራ።

እንዴት ሰነበትክልኝ? እንዴትስ ከረምክ? ያ በክረምቱ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ በጋራዡ ጭስ እየቀለብክ ታኖረዋለህ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ጾሙንስ እንዴት ይዘኸዋል? እዚያ አገር በሁዳዴ ምን እንደሚበላ ጽፈህልን አታውቅምና እማዬ ልጄ በዘይት ፋንታ የመኪና ግራሶ ሳይበላ አይቀርም እያለች ትቀልዳለች። ትቀልዳለች እንጂ ሐሳቧ ካንተ ተለይቶ አያውቅም።

እኛ ሁላችንም በያለንበት ደኅና ነን፤ ለዚህ ያደረሰን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እማዬ ብቸና በቤቷ ናት። ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ ለቁጣ አልሰነፈችም፤ ይህንንም ከታች ታገኘዋለህ። እህታችን ባንቺዓለም ከእሷው ጋር ናት። እዚህ ሞጣ ባለቤቴ ውበቴ ደኅና ናት። ልጃችን ጥሩአየሁ ሁለት ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ባለፈው የአሥራ ሰባት ቁጥር የብሎን ቁልፌን ከአፏ ነው ያወጣሁት።

የላክኸው ጆንያ በደኅና ገብቷል። ሾፌሩ ቢሆነኝ በጭነት መኪናው ጨው ጭኖ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ ማክሰኞ ዕለት ሞጣ ደረሰና ከነደብዳቤህ አስረከበኝ። ውበቴ ከአስመራ የመጣ ሲባል ልብስ መስሏት ሮጣ ፈታችው። ሦስት ጥምዝምዝ የመኪና ሞላ ስታገኝ ፊቷን ብታይ ኖሮ በሚቀጥለው አንድ ነጠላ ጣል ታደርግበት ነበር።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጋራዡ ጌታ ያችን አሮጌ ሰይቼንቶ፣ ትንሿን የቤት መኪና፣ ለእሽቅድምድም እንድታሰናዳት ሰጥቶሃል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ፣ በከተማው ዳር በአስፋልቱ ዙሪያ ሃያ ዙር፣ ራስህ ልትነዳት ነው። ወንድሜ፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን ሳልነግርህ ወደ ሌላው ብሄድ በደል ይሆንብኛል። የብቸና ልጅ በእሽቅድምድም መሪ ሊይዝ! ለኋላ እግሯ ሦስት ጥንድ ሞላ ቀርቦልሃል፤ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም። ከየጥንዱ አንዳንድ ልከህልኝ፣ አንተ ከባሌስትራ ጋር የኖርክ ነህና በእጅህ ፈትነህ የቱ እንደሚሻል ንገረኝ ብለሃል። በዚያው ገጽ ግርጌ ደግሞ እኔ ግን ወፍራሙን ለመግጠም ቆርጫለሁ፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ጠንካራ ይፈልጋል፣ እዚህ ሁሉም የሚፈጥነው ጠንካራው ነው ይላል ብለህ ጨመርክበት። ቆርጠህ ከጨረስክ ምን ልሁን ብለህ ጠየቅኸኝ? እኔን ሽማግሌ ለማድረግ ከሆነ ገና ሠላሳ አምስቴን አልደፈንኩም።

እንግዲህ አስቀድሜ ልናገር፤ ወረቀቱን ከዚህ ላይ ብታጥፈው እንኳ ይህ ይድረስህ። ወፍራሙን አትግጠም። መካከለኛውን ግጠም። የሚቀጥለው ሁሉ ለምን እንደሆነ ነው።

ሞላ በዓይን አይመዘንም። ረቡዕ ዕለት የቆየ የውሃ ቧንቧ በግቢዬ አቁሜ ተከልኩና ሞላዎቹን በየተራ አጠለቅሁበት። ከላይ መካከሉን የበሳሁትን ሳንቃ አስቀመጥኩ፤ በሳንቃው ግራና ቀኝ ከጎረቤታችን ከእህል ነጋዴው የተዋስኳቸውን ሁለት ኩንታል ጤፍ በአራት ሰው አስጫንኩ። ቀጭኑ አራት ጣት ወረደ። መካከለኛው ሦስት ጣት። ወፍራሙ ሁለት ጣት እንኳ አልሞላም። እስኪ ትንሽ ይነቅነቅ ብዬ ሳንቃውን በእግሬ ረገጥ ባደርገው፣ የቀኙን ኩንታል አሽቀንጥሮ ጣለው። ጆንያው ተቀደደ። ጤፍ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል አይተህ ታውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ውበቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስታበጥር ሰነበተች፣ ያንተም ስም በየሰፌዱ ይነሣ ነበር።

አየህ፣ ሞላ ሸክም እንዲችል ብቻ አይደለም የሚገጠመው። መንገዱ ከፍ ሲል እንዲተኛ፣ ዝቅ ሲል እንዲነሣ፣ ጎማው ግን መሬቱን ለአፍታ እንዳይለቅ ነው። ጎማ መሬት ካልነካ መሪም ፍሬንም ጌጥ ነው። አንተ የመንገደኛውን ወንበር አውጥተሃል፣ መከላከያውን አውልቀሃል፣ ብቻህን ነው የምትነዳት። ቀለለች ማለት ነው፤ የቀለለች መኪና በወፍራም ሞላ ላይ ስትቀመጥ ሞላው አይተኛላትም፤ በየጉብታው ያነጥራታል። ዙሩ አስፋልት ነው ብትልም በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የባቡር ሐዲድ እንደሚያቋርጠው ራስህ ጽፈሃል። እዚያ ላይ ነው የሚለይልህ። ቀጭኑን ደግሞ አልመርጥልህም፤ የጎጃም መንገድ ላይ ቢሆን እሱን ባልኩህ፤ በአስፋልት ፍጥነት ግን በየመታጠፊያው ተኝታብህ ሞላው ሲያልቅ የሚያቆማት ጎማ ላይ ታርፋለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። የመኪናን ኋላ ከፊቷ አብልጠህ ያጠነከርክ እንደሆነ፣ ስትታጠፍ መጀመሪያ የሚከዳህ ኋላዋ ነው። ሞተሩን ተሸክሞ ኋላዋ ሲሸሽ አንተ መሪውን እስክትመልስ ድረስ ፊቷ ወደ መጣችበት ይዞራል።

ይህን ከየት አወቅኸው ትለኝ ይሆናል። እሱን ስጽፍ ነው ሁለት ወረቀት የቀደድኩት።

ጋሼ ገላውን ታስታውሳቸዋለህ፤ ያን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩትን። ከሞጣ ጤፍ ጭነው አዲስ አበባ ያራግፉና አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይመለሱ ነበር። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት በጋ ባለቤቱ መኪናዬ ሲጫን ወገቡ ጎበጠብኝ ብሎ አመጣልኝ። ጋራዥ ከከፈትኩ ገና አራት ወር ነበር። ከኋላ በቀኝም በግራም በተደራረቡት የባሌስትራው ብረቶች ላይ ሁለት ሁለት ብረት ጨመርኩበት። እንዴት መዘንኩት? ሁላችንም እዚህ አገር እንደምንመዝነው ነዋ፤ ጭነን። ስልሳ ኩንታል ጫንንበት፣ ወገቡ ቀጥ አለ፣ ተመራርቀን ተለያየን። ባዶውን ሲመለስ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባዶ መኪና ማን ይመዝናል?

በቃና ዘገሊላ ዕለት ጋሼ ገላው ባዶውን ሲመለሱ ብቸና እናታችን ቤት ጎራ ብለው አንድ ዋንጫ ጠላ ቀመሱ። አንድ ብቻ። ከዚያ ደብረ ወርቅን አልፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ በመታጠፊያው ላይ መኪናው ኋላው ሸሽቶ በጎኑ ተኛ። ነፍስ አልጠፋም፤ የግራ ክንዳቸው ግን ተሰበረ። የደረሰው ሰው ሁሉ ጠላው ሸተተው፤ ቀኑም በዓል ነው፤ ፍርዱ እዚያው መንገድ ላይ አለቀ። ሰክሮ ገለበጠው ተባለ።

በማግስቱ መኪናውን ለማንሣት ሰንሰለት ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። በአቧራው ላይ የኋላውን ጎማ ዱካ ተከተልኩት። አንድ ክንድ ያህል ይታያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይታያል፣ ደግሞ ይጠፋል። ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ሲዘል ነበር የወረደው። ሰካራም ዱካው ይጠማዘዛል እንጂ አይቋረጥም። እዚያው ቆሜ ገባኝ፤ የእኔ አራት ብረቶች ናቸው። ለማንም አላሳየሁም። መኪናው ለጥገና ሲመጣልኝ ብረቶቹን አውጥቼ ተሰብረው ነው አልኩ። አዲስ ጋራዥ ነው፣ ሠርጌ ደርሷል፣ እንዲህ ብል ማን መኪና ያመጣልኛል አልኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንተም ያን ጊዜ ከአስመራ የሰካራም ሾፌር ነገር እንዲህ ነው ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እኔም አላረምኩህም።

ከዚያ ወዲህ ለጋሼ ገላው መሪ የሰጠ ሰው የለም። ብቸና ገበያ ላይ ጨው በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። እንግዲህ አንተ ሞላ ምረጥልኝ ስትለኝ፣ ወፍራሙን ተው ብዬ ብቻ ልመልስልህ ነበር። ግን ያንን ትሰማኛለህ? እዚያ ያሉት ሁሉ ጠንካራ ይሉሃል፤ እኔ የአገር ቤት መካኒክ ነኝ። ዱካውን ካልነገርኩህ አትሰማኝም። ዱካውን ላንተ ነግሬ ለእሳቸው ዝም ብል ደግሞ የባሰ ሰው ሆንኩ።

ዓርብ ቢሆነኝ የቀረውን ጨው ይዞ ወደ ብቸና ሲወርድ ሞላዎቹን ለማስረጃ በጆንያ ተሸክሜ አብሬው ሄድኩ። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፤ እኔ ጆንያው ስለከበደኝ በእሱው ገባሁ። ጋሼ ገላው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ወድቄ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ስንት ብረት ነበር ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ሁለት አልኳቸው። ወፍራሙን ሞላ አንሥተው በሁለት እጃቸው ሊጨፈልቁት ሞከሩ፤ የተሰበረው ክንዳቸው አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት እጄን ነበር» አሉ።

 ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለካ ሰው እምቢ ስላላቸው ብቻ አይደለም መኪና የተዉት፤ አንድ ዋንጫ ጠላ እንዲህ ካደረገኝ አርጅቻለሁ ብለው ራሳቸው ፈርተው ነው። በኋላ ከመሬት አነሡኝና ይህንኑ በሰው ፊት ትናገረዋለህ አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የማኅበራቸው ሰዎች በቆሙበት ተናገርኩ።  አንዳንዱ አፈረልኝ፣ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ግን ከእኔ ዞር ብለው ወደ ጋሼ ገላው ሄደው እጃቸውን ያዙ። እኔም ያን ነበር የፈለግሁት።

እማዬ ከሁሉም ከበደችኝ። ዋንጫውን የሰጠችው እሷ ናትና ስንት ጊዜ ለንስሐ አባቷ በጠላዬ ሰው ሰበርኩ እያለች ስትናዘዝ ኖራለች። ይህንን እኔ አላውቅም ነበር። እስከ ማታ አላናገረችኝም፤ እራቴን ባንቺዓለም ናት ያቀረበችልኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሆነኝ ባዶውን ሲመለስ ጋሼ ገላው እስከ ሞጣ አብሬያችሁ ልምጣ አሉ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ቢሆነኝ ከመሪው ወርዶ በሌላው በር ገባ። ጋሼ ገላው ተቀመጡበት። መኪናው የማያውቁት ነው፣ ባዶ ነው፣ ቁልቁለቱ ያው ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ አቁመው ወረዱና ከሥር ገብተው የባሌስትራውን ብረት ቆጠሩ። ወጥተው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ተመልሰው ገቡ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው አዞሩት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጠው ዳገቱን ጀምረናል፣ እሳቸውም ቢሆነኝን ፍሬንህ ወደ ግራ ይስባል እያሉ ይቆጡታል። ቢሆነኝ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛ ሾፌር እፈልጋለሁ ብሏቸዋል። እሳቸውም እስኪ እናያለን አሉ፤ ይህን ሲሉ ግን ፊታቸውን ብታይ ሥራውን እንደተቀበሉ ታውቅ ነበር።

አሁን ወደ ሰይቼንቶህ ልመለስ። ሞላ ከመግጠምህ በፊት አሞርዛቶሮቹን ፍታቸው። ሞላውን ከመዝለል የሚያስታግሰው እሱ ነውና ከደከመ ምንም ሞላ ብትመርጥ ዋጋ የለውም። የፊቷን ባሌስትራ አትንካው፤ እንዲያውም ከላላ አጥብቀው። ከዚያ መካከለኛውን ከኋላ ግጠምና በአሞርዛቶሩ ዘንግ ላይ ስስ ግራሶ ቀብተህ አምስት ዙር ንዳ። ስትመለስ ግራሶው እስከየት እንደተጠረገ እይ። እስከ ጥግ ከተጠረገ ሞላው ላልቶብሃል፤ ግማሹን ሳይደርስ ከቀረ ጠንክሮብሃል። ሦስት እጁ ተጠርጎ አንድ እጁ ከቀረ ተወው፣ እሱ ነው ያንተ ሞላ። የጎማውን ንፋስም ሞላውንም በአንድ ቀን አትለውጥ፤ አንዱን ለውጥ፣ ንዳ፣ ጻፍ፣ ከዚያ ሌላውን። ሐዲዱ ያለበትን መታጠፊያ በመጀመሪያው ቀን ቀስ ብለህ እለፈውና ወርደህ ዱካህን ተመልከት። ዱካው ሳይቋረጥ ከዘለቀ ፍጥነት ጨምር። በዚህ ሁሉ ላይ እኔ የማላውቀውን አንተ ታያለህ፤ አስፋልት ላይ ሃያ ዙር የነዳ ሰው በቤታችን አልነበረም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሰኞ ከብቸና ስንነሣ ጆንያውን ባነሣው ቀለለኝ። ፈትቼ ባይ ሁለት ሞላ ብቻ ነው ያለው፤ ወፍራሙ የለም። ባንቺዓለምን ጠየቅኋት፣ አላየሁም አለች፤ ዓይኗ ግን ወደ ጎታው ሄደ። እጄን ብሰድ ከገብሱ ሥር አገኘሁት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጥንድ ነው ብለኸኝ የለም፣ አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን አይገጠምም ብለኸኝ የለም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሑድ ማታ ስታኮርፈኝ ሳለ እንድታናግረኝ ብዬ ሁሉን አስረድቻት ነበር፣ ለካ ስታኮርፍም ትሰማለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ትቼው ልሄድ ነበር። ቀላል ነበር፤ መንገድ ላይ ጠፋ ብዬ ብጽፍልህ ታምነኝ ነበር፣ አንተም ሳትወድ በግድ መካከለኛውን ትገጥም ነበር። ግን እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብረት ደብቄ የሆነውን አይተሻል አልኳት። ደግሞስ ለምን እንደሆነ ካላወቀ ነገ ከዚህ የባሰ ወፍራም ገዝቶ ይገጥማል አልኳት።  ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የገብሱን ብናኝ ከሞላው ላይ ጠርጋ በገዛ እጇ ጆንያው ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ ሦስቱም ተመልሰውልሃል። በመካከለኛው ላይ ነጭ ክር አስሬበታለሁ። መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ፣ የምትገጥመውንም የምትመርጠው አንተ ነህ። ወፍራሙን ብትመርጥም ወንድሜነትህ አይቀርም። ብቻ ከእንግዲህ አላወቅሁም አትልም፤ እኔም አልነገርኩህም አልልም።

ውበቴ እንደምን ነህ ትልሃለች፤ የጤፉን ነገር ይቅር ብላሃለች፣ የነጠላውን ግን አልረሳችም። ጥሩአየሁ እግርህን ስማለች። ባንቺዓለም ናፍቆቷን በብዙ ልካለች። ጋሼ ገላው ፍሬንህን ከመታጠፊያው በፊት ጨርስ፣ ከገባህ በኋላ አትንካው ብለውሃል፤ ሾፌር ለሾፌር የተላከ ነውና አክብረው። እማዬ ደግሞ ቃሏን እንዳልለውጥ አስምላኛለች፤ አንደኛ ውጣ አልለውም፣ ከእሽቅድምድሙ ማግስት ሰኞ ጠዋት በገዛ እጁ ይጻፍልኝ ብላሃለች።

ወንድምህ አካለ ወልድ
ሞጣ፤ መጋቢት ፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.